ሜዳው ሲነጣ፣ ፊት ሲጠቁር

ዱላ ይዞ አንዲት ትንሽ ነገር ማሳደድ የሰው ልጅ የጋራ አመል ሳይሆን አይቀርም። እኛ ገና እንለዋለን። ካናዳዎች በረዶ ላይ አውጥተው አይስ ሆኪ ብለውታል። የእኛዋ ጥንግ ከእንጨት ተጠርባ የተድበለበለች ናት። የእነሱዋ ከጠጣር ጎማ የተሠራች፣ ከ156 እስከ 170 ግራም የምትመዝን ጠፍጣፋ ነገር ስትሆን ፓክ ትባላለች። የእነሱ ሜዳ 60 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት ዙሪያውን በጣውላና በመስተዋት ይታጠራል። የእኛ ሜዳ ወሰኑ ሁለቱ ወገኖች እስከተስማሙበት ድረስ ነው፤ ሰዓቱንም የሚቆርጠው የጀምበር መጥለቅ ነው። እነሱ ላጠፋ ተጫዋች የቅጣት ሳጥን አላቸው። እኛ ደግሞ በገና ዕለት ጌታም ቢሆን በሎሌው ዱላ አይቆጣም የሚል ያባቶች ወግ አለን።

ይሁን እንጂ ካሜራ አንግቶ ከሜዳው ዳር ለሚቆም ሰው ሁለቱ ጨዋታዎች አንድ ናቸው። ጥንጓንም ፓኳንም ዓይን አይቀልባቸውም። ከዚያ የሚብሰው ግን የብርሃኑ ነገር ነው። የዛሬው ጨዋታዬም በዚሁ ላይ ነው።

ቶሮንቶ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። እዚያው የተወለደው ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጁ እንደ አገሬው ሆኪ ይጫወታል። ቅዝቃዜው ሲጠና ሰፈራቸው ያለው ሜዳ በረዶ ይሆንና ልጆች ይንሸራተቱበታል። አባት ታዲያ በየሳምንቱ በስልኩ እያነሳ ለአክስቴ ይልክላታል። እሷም መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ ታይና፣ «ሹራቡንማ አየሁት፤ ልጁ የታለ?» ትላለች። እውነቷን ነው። በረዶው አመድ መስሎ፣ የልጁ ፊት ደግሞ ከኮፍያው ሥር ጥላ ሆኖ ቀርቷል። የዛሬ ስልኮች ፊት ፈልጎ ማግኘት ተምረዋል ይባላል፤ ነገር ግን ልጁ በሩቅ ሲሮጥ እነሱም መልሰው በረዶውን ማመን ይቀናቸዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ካሜራ ነጭና ጥቁር የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የብርሃን ብዛትና ማነስ ብቻ ነው። የብርሃን መለኪያው የተሠራው በፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ቢደባለቅ አማካይ ግራጫ ይወጣዋል በሚል ግምት ነው። ፎቶ የተማረ ሰው «18 በመቶ ግራጫ» የሚለው ይህንኑ ነው። በረዶ ግን የወደቀበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይረጨዋል። መለኪያውም ብርሃን የበዛ መስሎት ይደነግጥና ሥዕሉን ያጨልማል። ነጩ በረዶ ግራጫ ሲሆን፣ ከመጀመሪያውም ጠይም የነበረው ፊት ጥቀርሻ ይሆናል። መድኃኒቱ መለኪያውን አለመታዘዝ ነው፤ እሱ ከሚለው በላይ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ መጨመር። አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። አለዚያም ወደ ሰውዬው ቀርቦ ፊቱን ብቻ ለክቶ፣ ያንኑ ልክ አስሮ ወደ ቦታ መመለስ ነው።

በአዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱ ሌላ ጣጣ አለ። ብርሃኑ እንደ ደጁ አይለዋወጥምና አንዴ የተለካው ልክ ይበቃል። ነገር ግን ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ ተጫዋቹ ደግሞ ይበራል። መዝጊያው ቢያንስ በሰኮንድ 1/500ኛ ካልተከደነ ሰውየው ጭስ ይሆናል። አሮጌ የአዳራሽ መብራቶች በካናዳ ኤሌክትሪክ በየሰኮንዱ 120 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ስለሚሉ፣ ተከታትለው ከተነሱ ሁለት ፎቶዎች አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ደብዛዛ ሊሆን ይችላል። በደጅ ደግሞ ብርዱ ባትሪ ይገድላል። የቀዘቀዘ ካሜራ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ጤዛ ስለሚይዘው ገና ከውጭ ሳለ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ መግባት አለበት። ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ነገርኩት። እሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነበር፤ «ፓኳን እንዴት ልያዛት?»

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ፎቶ አነሳሁለት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ግንቦት 10 ቀን 1970 ቦስተን ውስጥ ቦቢ ኦር የተባለው ተጫዋች ተጨማሪው ሰዓት በተጀመረ በ40 ሰኮንድ ውስጥ የዋንጫዋን ግብ አገባ። ወዲያው የተጋጣሚ ተከላካይ ዱላ እግሩን ጠልፎ አነሳው። ሬይ ሉሲየር የተባለ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ኦርን እጁን እንደዘረጋ፣ አፉ በደስታ እንደተከፈተ፣ አየር ላይ እንዳለ ቀረጸው። ሉሲየር የተቀመጠበት በርጩማ ለቢራ ብሎ የተነሳ የሌላ ፎቶ አንሺ ነበር ይባላል። ልብ በሉ፤ ፓኳ በዚያች ቅጽበት ሥራዋን ጨርሳለች። ዓለም የሚያስታውሰው የሰውየውን ፊት ነው። ፓኳን የሚከተል ፓኳን ያጣል፤ ፊትን የሚጠብቅ ግን ጨዋታውን ሁሉ ያገኛል።

በረዶ የማያውቃት አሶሳ ከዚህ ጋር ምን አገናኛት ትሉኝ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. የገና ዕለት እዚያው ነበርኩ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ፣ በዚያ የድርቅ ዘመን፣ መንግሥት ከሰሜኑና ከመሐል አገር 600 ሺህ ገደማ ሰው አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አሶሳ ዙሪያ ብዙ የወሎ ሰው ወርዷል። ሰው አገሩን ሲለቅ ማሳውን አይሸከምም፤ ጨዋታውን ግን ይሸከማል። ሸንበቆ በሞላበት በዚያ አገር ጫፉ በተፈጥሮ የቆለመመ ጠንካራ እንጨት ፈልገው ገናቸውን ቆርጠዋል።

ከሜዳው ከመድረሴ በፊት ከአንዲት ሻይ ቤት ጎራ አልኩ። ግድግዳው ላይ በፊልም ዘመን የተነሳ የገና ጨዋታ ፎቶ በመስተዋት ተደርጎ ተሰቅሏል። የደረቀው ሣር ገለባ መስሎ ያበራል። ተጫዋቾቹ ግን ጥቁር ቅርጽ ብቻ ናቸው። ባለቤቲቱ ወደ አንዱ ጠቆሙኝ።

«ወንድሜ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«እትዬ፣ በምን ለዩት?»

«በእግሩ ነዋ ልጄ! ሲሮጥ ግራውን ወደ ውጭ ይጥል ነበር። ፊቱንማ ፀሐይ በላው። ሌላ ፎቶ የለንም።»

ፀሐይ አልነበረም የበላው። ያንን ፎቶ ያነሳው መንገደኛ፣ ማንም ይሁን፣ መለኪያውን አምኖ ለሣሩ ብርሃን መጥኖ፣ ለሰውየው ሳይተርፍ ቀርቷል። እርግጥ የዚያ ዘመን ፊልምም ለእኛ ፊት ታስቦ የተሠራ አልነበረም። ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ ብሎ ያድለው የነበረው ካርድ የነጭ ሴት ምስል ነበረበት፤ በመጀመሪያዋ ሴት ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የእሷ መልክ አምሮ ከወጣ ሁሉም አማረ ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሄድኩ። በአካባቢው በበጋ ሣር ማቃጠል የተለመደ ነው። የሜዳው አንዱ ወገን ገና ያልተቃጠለ ገለባማ፣ ሌላው ወገን የከሰለ ጥቁር ነበር። ጨዋታው ተጀመረ። ጥንጓ ከገለባው ወደ አመዱ፣ ከአመዱ ወደ ገለባው ትወረወራለች፤ ሰው ይከተላታል። መለኪያዬን ተመለከትኩት። አንድ ወጣት ገለባው ላይ ሲቆም ያጠቁረዋል። ያው ወጣት አሥር እርምጃ ሮጦ አመዱ ላይ ሲደርስ፣ መሬቱ ጨለመ ብሎ ፊቱን አንጥቶ ወዝ ያሳጣዋል። ሰውየው አንድ ነው፤ ፀሐይዋም አንዲት ናት። የተለወጠው የቆመበት መሬት ብቻ ነው።

ይህ ነገር ከካሜራ አልፎ አሰበኝ። ሰውን በቆመበት መሬት የመለካት አመል የመሣሪያ ብቻ አይደለም። ነባርና መጤ እየተባለ ሰው በየዘመኑ በሚለካበት አገር፣ «ይህ ማነው?» ከማለት በፊት «ይህ የማን መሬት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። እዚያ ሜዳ ላይ ግን ከዱላ ከያዙት መካከል እዚያው የተወለዱ የበርታ ልጆችም ነበሩ። ጥንጓ ስትመጣ የማንንም የትውልድ ቦታ አልጠየቀችም።

ወደ አንዱ ተጫዋች ቀርቤ ፊቱን በፀሐይ በኩል ለካሁ። ያንኑ ልክ አስሬ ከዚያ በኋላ መሬቱን አላዳመጥኩም። ገለባው ነጭ ሆኖ ተቃጠለ፤ ይቃጠል። አመዱ ጥቁር ሆነ፤ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትሆን የዓይን ጉድጓድ ታጨልማለች። ጥሩው ሰዓት አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ብርሃኑ ጋደም ብሎ ፊት ላይ ይመጣል። አቧራው በዚያ ሰዓት ወርቅ ይመስላል፤ ሌንስ መቀየር ግን አይታሰብም። ጥንጓ በሦስት ፎቶ ብቻ ታየች። ሳቅ፣ ቁጣና የተነከሰ ከንፈር ግን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ፎቶዎቹን አሳትሜ ለሻይ ቤቷ ባለቤት ሰጠኋቸው። ደንበኞቹ ተሰበሰቡና ስም መጥራት ጀመሩ፤ «ይሄ የእገሌ ልጅ፣ ያ የእገሊት የልጅ ልጅ» እያሉ። በእግሩ የተለየ አንድም ሰው አልነበረም።

አንባቢዬ፣ ይህ የገናና የሆኪ ብቻ አይምሰልህ። ቤትህ ያለውን አልበም ግለጥ። ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ጥምቀቱ ሁሉ ነጭ በነጭ ነው። ነጠላው እያንዳንዱ ክሩ ይታያል፤ የእናትህ ፊት ግን ጨለማ ውስጥ ነው። በመጪው በዓል ስልክህን ስታወጣ፣ ጣትህን ነጠላው ላይ ሳይሆን ፊታቸው ላይ ጫን አድርግና አንሳ። ነጠላው ቢነጣ ቢደበዝዝ የሚጎዳው ነገር የለም፤ ሌላ ይገዛል።