ከነጥብ ሠንጠረዡ የቀረው

ሰውን ከሰው መምረጥ ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ብቻ ነው። የጦር ሠፈራችን የሙዚቃ ቡድን ጊታር ተጫዋች ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር፣ ተተኪውን የሚመርጠው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተመደብሁ። እኔ ከጦር አካዳሚ የወጣሁ የፖለቲካ መኮንን እንጂ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም ሠንጠረዥ ማዘጋጀት አያቅተኝምና፣ ለጣት ቅልጥፍና 40፣ ለቅኝት ዕውቀት 30፣ ለመድረክ አቀራረብ 30 ነጥብ መድቤ ተቀመጥሁ።

ከቀረቡት ሰባት ወታደሮች አንደኛው ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን አከታትሎ ሲጫወት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የመጨረሻው ግን አንገቱን ደፍቶ አንድ የሱዳን ዜማ ብቻ አሰማን። ወላጆቹ በልጅነቱ ይዘውት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገዳሪፍ ተሻግረው፣ በረሃድ ወንዝ ዳር ባለችው በሀዋታ የቀሩ ናቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ገባ። ቅኝቶቹን በስም ስንጠይቀው ሁለቱን አላወቃቸውም። ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጥቼ ለመፈረም ብዕሬን አነሣሁ።

በዚህ ጊዜ የቡድኑ መሪ የሆኑት አንጋፋ ሃምሳ አለቃ፣ «መቶ አለቃ፣ ብቻቸውን ሰማናቸው፤ ከሰው ጋር ግን አልሰማናቸውም» አሉኝ። ሁለቱንም በየተራ ከቡድኑ ጋር አሰለፏቸው። ለድምፃዊቷም በመካከል አንድ ስንኝ እንድትዘል በጆሮዋ ነገሯት። የመጀመሪያው ወጣት መዝለሏን ሳያስተውል በቅልጥፍናው ገፋ፤ እርሷም ብቻዋን ቀረች። የሀዋታው ልጅ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ፊቷን አየ፤ በሚቀጥለው ስንኝ ላይ ተቀበላት።

የት እንደ ተማረ ጠየቅሁት። «በሀዋታ ሠርግ ላይ ነው። ስጀምር ዓረብኛ አላውቅም ነበር፤ የዘፋኙን አፍ እያየሁ ነበር የምከተለው» አለ።

የሱዳኖቹ መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ ቋንቋቸው ለብዙዎቻችን ሳይገባ በአገራችን መወደዳቸው ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም ሲያስመጡ፣ ያመጡት አንድ ኮከብ ሳይሆን አብሮ መንፋት የለመደ ጓድ ነበር። ማሕሙድ አሕመድም በአሪዞና ክበብ ተራ ሠራተኛ ሳለ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ድምፃዊው በቀረበት አንድ ምሽት ልዝፈን ብሎ ጠይቆ ነው ወደ ክብር ዘበኛ ባንድ የገባው። ፈተናው ሥራው ራሱ ነበር።

ሠንጠረዤን ቀደድሁት። ውጤቱ በሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ያልተመረጠውን ወጣት ለብቻው ጠራሁት። ፊቱ ጠቁሮ፣ «ነጥቤ ስንት ነበር?» አለኝ። «አንደኛ ነበርህ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ማዳመጥን ቦታ አልሰጠሁትም» አልሁት። ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። ለሁለት ሳምንት አልታየም፤ በሦስተኛው ጊታሩን ይዞ ወደ ልምምዱ መጣና ከሀዋታው ልጅ ጎን ተቀመጠ።

በዚያ ምሽት ታሪኩን ለባለቤቴ ስተርክላት፣ ሕፃኑን እያስተኛች ዝም ብላ ሰማችኝ። በመጨረሻ፣ «አንተስ እኔ ስናገር ድምፅህን ዝቅ ታደርጋለህ?» አለችኝ።

እጄን ሰድጄ ሬዲዮኑን ዘጋሁ።