ሃይማኖትን በዕለት ሥራ ስለ መግለጥ

ክርስቲያን መሆናችን በምን እንደሚታወቅ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን በአንገታችን ማዕተብ፥ በክርስትና ስማችን፥ በእሑድ ቅዳሴ ወይም በጸሎት ቤት ጉባኤ ነው ብለን እንመልሳለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ዳሩ ግን በሳምንት ውስጥ በቤተ ክርስቲያን የምንቆምበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ የቀረውን ጊዜ የምናሳልፈው በገበያ፥ በእርሻ፥ በጽሕፈት ቤትና በየቤታችን ነው። ስለዚህ ሃይማኖታችን በእነዚህ ስፍራዎች ካልታየ ሌላ የሚታይበት ስፍራ የለውም ማለት ይቻላል።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ ብዙ ዘመን ስለ ቈየን የሕግን ኀይልም ወሰንም ዕለት ዕለት እናያለን። ሕግ የሚይዘው ምስክር ያየውንና ሰነድ ያረጋገጠውን ነው። ምስክር ያልነበረበት፥ ፊርማ ያልተደረገበት፥ ከሳሽም ያልቆመለት ነገር ወደ ችሎት አይደርስም። ነገር ግን ሰው በሰው ላይ ከሚያደርገው በጎም ሆነ ክፉ የሚበዛው ይኸው ወደ ችሎት የማይደርሰው ነው። ሃይማኖት ዋና ሥራውን የሚሠራው ዳኛ በሌለበት በዚህ ስፍራ መሆኑን ለማስረዳት፥ ከጅማና በዙሪያዋ ካሉት የቡና ከተሞች ጥቂት ምሳሌ እናመጣለን።

በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በየቡና በጌራ ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቡና ይለቀማል። ቀይ እሸት ቡና እንደ ደረቅ ጀንፈል በጎተራ ተቀምጦ ዋጋ የሚጠበቅበት አይደለም። ታጥቦ ለሚዘጋጅ ቡና የሚሆነው እሸት በተለቀመበት ቀን ሊፈለፈል ይገባዋል፤ በጆንያ ታጭቆ ካደረ ይሞቃል፥ ይብላላል፥ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ወደ ማታ ጆንያውን በአህያ ጭኖ ወደ ሚዛን ሲደርስ ጊዜው ለገዢው ያግዛል። ፀሓይ እያዘቀዘቀች ሳለ ገዢው «ዋጋው ወርዷል» ቢለው ገበሬው ምን ያደርጋል? ወደ ቤቱ መልሶ ሊያሰጣው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ለልጁ ደብተር ወይም ለታመመች ሚስቱ መድኀኒት ያሰበውን ገንዘብ ያን ዕለት አያገኝም። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ የተሰጠውን ይቀበላል።

እንግዲህ ይህ ነገር ወደ ፍርድ ቤት ቢመጣ ገዢው «ተስማምተን ተገበያየን» ይላል፤ ዳኛውም የሚይዝበት ነገር ላያገኝ ይችላል። እግዚአብሔርን የሚፈራ ነጋዴ ግን ጧት የተናገረውን ዋጋ ማታም ይከፍላል። የሰውን ችግር ዐይቶ ዋጋ መቀነስ ሕግ ባይከለክለው እንኳ ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ አለመሆኑን ያውቃልና።

የሚዛኑም ነገር እንደዚሁ ነው። ኦሪት ትልቅና ትንሽ ሚዛን በከረጢት መያዝን አጥብቃ ከልክላለች። በቡና ገበያ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ከእያንዳንዱ ፈረሱላ ግማሽ ኪሎ ቢጐድል ለዐይን ምንም አይመስልም፤ ሆኖም ገበሬው 34 ፈረሱላ ሲሸጥ አንድ ሙሉ ፈረሱላ ያለ ዋጋ ሰጠ ማለት ነው። ደግሞ ነጋዴውን ብቻ ወቅሰን ገበሬውን እንዳንተው፥ ያልበሰለ እሸት ከጆንያው ሥር ደብቆ በላዩ ቀዩን የሚያለብስ ሰው ያው ፈተና ደርሶበት ወድቋል። ፈተናው በሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ ይኸውም ሌላው የማያየውን እኔ ዐውቄ ምን አደርጋለሁ የሚለው ነው።

ከዚህም በቀር የቡና ለቀማ ጊዜ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ሲገባ ባለ ቡናው ከሥጋና ከወተት ይከለከላል። ይህን በማድረጉም የአባቶቹን ሥርዐት ጠብቋል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከሩቅ አገር የመጣው ለቃሚ የለቀመበት ኪሎ እስኪከፈለው ድረስ ከሳምንት ሳምንት ቢመላለስ፥ ጌታው ከወተት ጾመ፥ ለቃሚው ግን ከእንጀራ ጾመ ማለት ነው። የሙሴ ሕግ የምንደኛ ደመወዝ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር አዟል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። ስለዚህ ጾማችን እውነተኛ ይሆን ዘንድ ሁለት ነገር እንምረጥ፤ የሠራተኛውን ዋጋ ፀሓይ ሳይጠልቅ እንክፈል፤ በጾም ምክንያት ከገበታችን የተረፈውንም ለራሳችን ከማከማቸት ለተራበ እንስጥ። ይህ ለእርሻ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን በቤታችን እንጀራ ለምትጋግረውና ልጆቻችንን ለምታሳድገውም ሠራተኛ ነው።

በሹመትና በጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ያለን ሰዎችም ፈተናችን ከዚህ የቀለለ አይደለም። አንድ ሽማግሌ ከጌራ ተነሥተው መዝገባቸውን ለማስመልከት ጅማ ሲደርሱ «አባቴ፥ ነገ ይምጡ» ማለት ትሕትና ያለበት ንግግር ይመስላል። ቃሉ ለተናጋሪው ምንም አያስወጣውም፤ ሽማግሌውን ግን የአንድ ሌሊት ማደሪያ፥ የመኪና ዋጋ፥ በለቀማም ወራት ከሆነ ከዛፍ የሚረግፍ ቡና ያስወጣቸዋል። መዝገቡን ፈልጎ ለማውጣት የሚበቃው ጊዜ ምናልባት ቡና ከምንጠጣበት ጊዜ አይበልጥም። ደግሞም ቃላቸውን ሲሰጡ የጻፍነውን በሚገባቸው ቋንቋ መልሰን ብናነብላቸው፥ «እንዲህ አላልሁም» የሚሉትን በጊዜው ያርማሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያመሰግን አለቃ ላይኖር ይችላል፤ ባናደርገውም የሚቀጣን ላይገኝ ይችላል። ስለዚህም ነው የሃይማኖት ሥራ የምንለው።

ምናልባት አንድ ሰው «እኔ ታናሽ ነኝ፤ የእኔ ትንሽ ሥራ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው የአስቴር ጋኖን ታሪክ እናስታውሰዋለን። አስቴር ነፃ ሆና ተወልዳ ሳለች በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ ሆነች፤ ከአገርዋም ተሸጣ ወጣች። በ1886 ዓመት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ ዐረብ አገር በባሕር ስትወሰድ የጣሊያን መርከበኞች ነፃ አወጧት፤ ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ፥ እርሱ በሕፃንነቱ ከአገሩ ስለ ተወሰደ የቋንቋው ብዙ ቃል ይጐድለው ነበር። አስቴር ግን ከእናትዋ አፍ የሰማችውን ቋንቋ ይዛ ነበርና ቃሉን አንድ በአንድ እየሰበሰበች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ ተረትና ምሳሌ፥ እንቈቅልሽና ዘፈንም 500 ያህል ጻፈች። መጽሐፍ ቅዱሱም በ1899 ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ታተመ።

እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመን ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንገባ ይህን ታሪክ ሰማን፤ እስከ ዛሬም ከልባችን አልጠፋም። አስቴር የተሸጠችበትን ቀን አልመረጠችም፤ መርከቡንም አልመረጠችም። የመረጠችው በየጧቱ ተቀምጣ አንድ ተጨማሪ ቃል መጻፍን ነበር። ሰው ሆና እንደ ዕቃ ከተሸጠችበት አገር ላይ ቂም ከመያዝ ይልቅ፥ የዚያ አገር ሰው ሁሉ በሚሰማው ቋንቋ ወንጌል እንዲደርሰው ደከመች። ዛሬ በሊሙ ገነት ሚዛን ፊት የምንቆም ሰዎች፥ በዚሁ ምድር ሰው ራሱ ዋጋ ወጥቶለት ይሸጥ እንደ ነበረ ብናስብ፥ ከሚዛኑ ወዲያ ማዶ የቆመውን ሰው አቃልለን ለማየት አንደፍርም ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ጎረቤት እንናገር። ጅማና አውራጃዋ ከአባ ጅፋር ዘመን በፊት ጀምሮ እስልምና የጸናበት አገር ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፥ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ። ክርስቲያኑ በበዓሉ ቀን ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ የሚበላውን ለይቶ ያዘጋጅለታል፤ ያም በበዓሉ እንደዚሁ ያደርጋል። ይህ መልካም ልማድ ግን ሳይፈተን አልቀረም። በ2003 ዓ.ም. በየካቲት ወር በአሰንዳቦና በአካባቢው በተነሣው ሁከት ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ ሺህ ሰውም ቤቱን ትቶ ተሰደደ። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ ክርስቲያን የሚመርጠው ምርጫ ከባድ ነው። ያጠፋው ሰው በሕግ ፊት ቀርቦ ይፈረድበት ዘንድ መጠየቅ የተገባ ነው፤ ምሕረት ማለት ፍርድን ማጥፋት አይደለምና። ነገር ግን ፍርድ ቤት ጥፋትን የሚጽፈው በአድራጊው ስም እንጂ በጎረቤቶቹ ሁሉ ስም አይደለም። እኛም በልባችን መዝገብ ላይ እንደዚሁ ልንጽፍ ይገባናል። ቡና ሲፈላ ጎረቤትን እንደ ቀድሞው መጥራት ወይም ደጅን ዘግቶ ብቻ መጠጣት፥ ይህን ማንም ዳኛ ሊያዝዝ አይችልም፤ የወንጌል ትእዛዝ ግን ግልጽ ነው።

በመጨረሻም የምናስታውሰው የልጆቻችንን ነገር ነው። ልጅ ጸሎትን ከአባቱ አፍ ይማራል፤ የጸሎቱን ትርጕም ግን የሚማረው ከአባቱ አድራጎት ነው። ማታ በገበታ ላይ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ብሎ የሚጸልይ አባት፥ በቀኑ የሌላውን የዕለት እንጀራ ሲያስቀር ልጁ ካየው፥ ጸሎት ማለት የልማድ ንግግር ነው ብሎ ያድጋል። እናቱ ለሠራተኛዋ ደመወዝዋን በቀኑ ቈጥራ ስትሰጥ፥ አባቱም የተሳሳተ መልስ ይዞ ወደ ሱቅ ሲመለስ ያየ ልጅ ግን ብዙ ስብከት አያስፈልገውም።

ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ትልቅ ሰማዕትነት የሚጠየቅበት ቀን እስኪመጣ አንጠብቅ፤ ለአብዛኞቻችን ላይመጣ ይችላል። የሚመጣልን ነገ ጧት ነው፤ ከእርሱም ጋር ሚዛኑ፥ ደመወዙ፥ መዝገቡና ጎረቤቱ ይመጣሉ። ማንም በማያየን ጊዜ ቀናውን የምንመርጥበትን ልብ እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን።