ትራክ 07 የማን ድምፅ ነው?

ባለፈው መስከረም፣ ከጊፋታ በፊት በነበረው ቅዳሜ ማታ፣ እዚህ ወላይታ ሶዶ ቤታችን ውስጥ የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ቤቱ በበዓል ዝግጅት ተወጥሯል። እማዬ ጓዳ ሆና ቅቤ ታነጥራለች። ባለቤቴ የቅርጫውን ገንዘብ ይቆጥራል። እኔ ደግሞ ላፕቶፔን ከፍቼ ለበዓሉ የሚሆን ዘፈን እመርጣለሁ። "እመርጣለሁ" አልኩ እንጂ እውነቱን ለመናገር እየሰረዝኩ ነበር። ኮምፒውተሩ ሞልቶ "ቦታ የለኝም" እያለ ስላስቸገረኝ፣ ስም የሌላቸውን ፋይሎች ለጥቂት ሰከንድ እየሰማሁ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ እወረውራለሁ።

ተራው የ"ትራክ 07" ሆነ። ዘፋኝ፦ ያልታወቀ። አልበም፦ ያልታወቀ። ከፈትኩት። መጀመሪያ ያረጀ ካሴት ሽሽታ፣ ከዚያ ከበሮና ጭብጨባ፣ ቀጥሎ አንዲት ሴት በወላይትኛ ስታዜም፣ ሌሎች ሲቀበሏት ተሰማ። ጥራት የሚባል ነገር የለውም። ጣቴን መሰረዣው ላይ ሳሳርፍ እማዬ ማማሰያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

"ይሄን ከየት አገኘሽው?"

"ከአባባ ካሴቶች ነው መሰለኝ፤ በደንብ አይሰማም፣ ላጥፋው ብዬ ነው።"

"እህቴ ናት እኮ" አለችኝ። "የእኔ ሰርግ ላይ ነው።"

አክስቴ ያረፈችው እኔ ሳልወለድ ነው። በቤታችን ያለው ትዝታዋ አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ዘፈን ታወጣ እንደነበር እንኳ አላውቅም። ድምፅዋ ግን ለዓመታት እኔው ላፕቶፕ ውስጥ፣ "ትራክ 07" ተብሎ ተቀምጦ ኖሯል። ያን ምሽት በዓሉን ትቼ ቆሻሻ ቅርጫቱን ገለበጥኩት። ሃያ ሦስት ፋይሎች መለስኩ። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የሰረዝኳቸውና ቅርጫቱንም ጭምር ባዶ ያደረግሁባቸው ግን አልተመለሱም። ምን እንደነበሩም እስከዛሬ አላውቅም።

ድምፁን አተረፍኩ፣ ስሙን ጣልኩ

ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሶዶ ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ አዲስ አበባ ሲመላለስ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። መኪናው ውስጥ ከነዳጅ ቀጥሎ የማይጎድል ነገር ካሴት ነበር። ጥላሁን ገሠሠ፣ ማህሙድ አህመድ፣ አስቴር አወቀ፣ ኮይሻ ሴታ፤ በእነዚህ መካከል ደግሞ በቤተሰብ ሰርግና በበዓል የተቀዱ ባዶ ካሴቶች። በየሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የዘፋኙን ስም፣ የገዛበትን ከተማና ቀኑን ይጽፍ ነበር።

እሱ ካረፈ በኋላ ካሴቶቹን ሰብስቤ ወደ ፍላሽ አስገለበጥኳቸው። የገለበጠልኝ ልጅ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል፤ ስም ጻፍልኝ ያለው የለም። ፍላሹን ይዤ ቤት ስገባ "ከእንግዲህ አቧራ ምን ያደርግልኛል" ብዬ ካሴቶቹን ከነሽፋናቸው ጣልኳቸው። ድምፁን አተረፍኩ፤ የአባቴን እጅ ጽሑፍ፣ ከእሱ ጋርም ስሞቹን ሁሉ ጣልኩ።

እስቲ አሁን እናንተም ስልካችሁን ክፈቱ። ስንት "ትራክ 01" አላችሁ? ስንቱ ዘፈን ነው በዘፋኙ ስም ፋንታ ሚሞሪውን የጫነላችሁን ሱቅ ስልክ ቁጥር የያዘው?

መታወቂያው የት ነው የሚጻፈው?

እኔ ለረጅም ጊዜ የፋይሉን ስም ከቀየርኩ በቂ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። አንድ የኤምፒ3 ፋይል ከድምፁ ሌላ በውስጡ ትንሽ የጽሑፍ ቦታ አለው፤ ርዕስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ዓመት፣ የሙዚቃ ዓይነት፣ ማስታወሻ። ታግ ይባላል። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጄ "የዘፈኑ መታወቂያ ማለት ነው" ብሎ አስረዳኝ፤ እኛም ቤት መታወቂያ እያልን ቀረን። ስልካችሁ ሲያጫውት የሚያሳያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የፋይሉን ስም ሳይሆን ይህንን ነው። በቴሌግራም ለዘመድ ስትልኩም አብሮ የሚሄደው እሱ ነው።

ይህ መታወቂያ እኛን አስቦ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር በፋይሉ መጨረሻ ላይ የምትለጠፍ 128 ባይት ብቻ ነበረች፤ ለርዕስ የተፈቀደው 30 ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 ነው። በአንዳንድ የቆዩ ፋይሎች ላይ ከአማርኛ ስም ይልቅ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ የምታዩት ለዚህ ነው። የሙዚቃ ዓይነት ዝርዝሩም 80 ምርጫ ነበረው፤ ፖልካ አለ፣ ትዝታ ግን የለም፤ ባቲና አምባሰልም የሉም። ወላይትኛማ ማን አስታውሶት!

ደግነቱ ዛሬ ይህ ሁሉ ተፈቷል። እኛ የተጠቀምነው ኤምፒ3ታግ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ በአንድ ጊዜ የብዙ ዘፈን መታወቂያ ያስተካክላል፤ በግዕዝ ፊደልም ይጽፋል፤ የሙዚቃውን ዓይነትም በራሳችሁ ቃል መሙላት ትችላላችሁ። እኛ ቤት አሁን "ወላይትኛ"፣ "ትዝታ"፣ "የሰርግ" እና "የመንገድ" የሚሉ አሉን። "የመንገድ" የአባባ ነው።

አንድ ሰው፣ አራት ስም

ሥራውን ስንጀምር የመጀመሪያው ጠብ በፊደል ላይ ተነሣ። ልጄ "ጥላሁን ገሰሰ" ብሎ ጻፈ፣ እኔ "ጥላሁን ገሠሠ"። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። ፀሐዬ ዮሐንስማ በጸሎቱ "ጸ"፣ በሐመሩ "ሐ"፣ በሃሌታው "ሀ" እየተቀያየረ አራት ቦታ ተበትኖ አገኘነው። በላቲን ፊደል የተጻፉት ሲጨመሩ ደግሞ እንደየጻፋቸው ሰው ይለያያሉ። ስለዚህ አንድ ደብተር አወጣንና ለእያንዳንዱ ዘፋኝ አንድ አጻጻፍ ብቻ ወሰንን። ትክክለኛው የቱ ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ።

ሁለተኛው ችግር የአባት ስም ነው። ፈረንጆቹ የሠሩት አንዳንድ ዝርዝር የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ማህሙድን "አህመድ" ከሚለው ሥር ያስገባዋል። ማህሙድን በ"አህመድ" የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ደግሞ የለም። እኛ ሁሉንም በራሳቸው ስም መለስናቸው።

ሦስተኛው ዓመት ነው። የቴዲ አፍሮ "ጥቁር ሰው" በእኛ 2004፣ በፈረንጅ 2012 የወጣ ነው። "ኢትዮጵያ" የተሰኘው አልበሙ ደግሞ በእኛ 2009፣ በፈረንጅ 2017። አንዱን በፈረንጅ፣ ሌላውን በእኛ አቆጣጠር ብትሞሉ 2009ኙ ከ2012ቱ ይቀድምና ዘፋኙ ኋላ ያወጣውን ፊት ያወጣ ይመስላል። እኛ ቤት ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር አደረግነው፤ እማዬ የምታስታውሰው በእሱ ነዋ።

ለወላይታ ቤተሰቦች ደግሞ አራተኛ አለ። ወላይትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ልጆቼ "ጊፋታ" ብለው ሲጽፉ ድምፁ ስለሚረዝም የላቲኑን "ኤ" ሁለት ጊዜ ይደረድራሉ። እናቴ ያንን አታነብም። ስለዚህ ርዕሱን በልጆቹ አጻጻፍ፣ ማስታወሻውን በግዕዝ ፊደል አደረግነው። አያትና የልጅ ልጅ አንዱን ዘፈን ሁለቱም ማግኘት አለባቸው።

ከቡና በኋላ አሥር ዘፈን

ኮምፒውተር የታወቀን ዘፈን በድምፁ አነጻጽሮ ስሙን የሚያወጣበት ዘዴ አለው፤ ፒካርድ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ለታተሙት አልበሞች ይሞከር። የአክስቴን ድምፅ ግን የትኛውም ፕሮግራም አያውቀውም። የሚያውቁት እማዬና ጥቂት እኩዮቿ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ልማድ አደረግነው። ማታ ከቡና በኋላ አሥር ዘፈን፣ ከዚያ አይበልጥም። ልጄ ያጫውታል፣ ትንሿ ልጄ ትጽፋለች፣ እማዬ ትናገራለች። ሦስት ሰከንድ ሰምታ "ይሄ አባትሽ መኪናው ሻሸመኔ ተበላሽቶበት ያደረ ጊዜ የገዛው ነው" ትላለች። እሱ ማስታወሻው ላይ ይጻፋል። "ይቺ ከበሮ የምትመታው የቦዲቲዋ አክስታችሁ ናት።" እሱም ይጻፋል። ያላወቀችውን በቴሌግራም ውጭ አገር ላለው አጎቴ እንልካለን፤ አንዳንዴ መልሱ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በሳግ በተቆራረጠ የድምፅ መልእክት ይመጣል።

አንድ ቀን ልጄ እማዬን "አያቴ፣ የሰርግሽን ዘፈን አሁን ትችዪዋለሽ?" አላት። ሳቀችና እምቢ አለች። ትንሽ ቆይታ ግን ከእህቷ ድምፅ ጋር፣ ከቀረጻው እኩል፣ ተቀባይ ሆና ገባች። ያንንም ቀዳነው። መታወቂያውም አለው፤ ዘፋኝ፦ ሁለት እህትማማቾች።

ከመጀመራችሁ በፊት

ልምዴን በአጭሩ ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ አንዱን ቅጂም ከቤታችሁ ውጭ አስቀምጡ። የእኛ ወንድሜ ዘንድ አዲስ አበባ ነው። ሁለተኛ፣ ስም የሌለውን ፋይል አትሰርዙ፤ "ይጠየቅ" የሚል ማህደር ክፈቱለት። ሦስተኛ፣ ካሴት ወይም ሲዲ ካላችሁ ከማስገልበጣችሁ በፊት ሽፋኑን ከፊትና ከኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ እኔ ሳላደርገው ቀርቼ ወራት አስከፍሎኛል። አራተኛ፣ በቀላሉ ከሚታወቁት አልበሞች አትጀምሩ። እነሱን በሚቀጥለው ዓመትም ታገኟቸዋላችሁ። ሽማግሌዎቻችሁ ብቻ ከሚያውቋቸው ጀምሩ።

እኛ የጀመርነው በ640 ፋይል ነበር። የተደገመው ወጥቶ 410 ቀረ። ከእነዚህ ውስጥ 38ቱ ዛሬም ስም የላቸውም። አንደኛው በክራር የሚዜም ነው፤ ከኋላው የመኪና ሞተር ድምፅ ይሰማል። እማዬ ሦስት ጊዜ አስደግማ ሰማችውና ራሷን ነቀነቀች።

"ይሄን አባትሽ ያውቅ ነበር" አለችኝ።

በማስታወሻው ቦታ ላይ ይህንኑ ጻፍኩ፤ "አባባ ያውቅ ነበር።"

በእናንተም ቤት ዛሬ የሚያውቅ ሰው ይኖራል። በዚህ ሳምንት ቡና ስታፈሉ ስልካችሁን አጠገቡ አድርጉና አንድ ስም የሌለው ዘፈን ክፈቱለት።