አሮጌዋን ቮልስዋገን ከፍ ስለ ማድረግ

በሸርቆሌና በአካባቢዋ ለምንኖር ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ለልጅ ክርስትና፣ ለንግሥ በዓልና ለሕክምና ወደ አሶሳ መሄድ የዘወትር ጉዳያችን ነው። በዚህ አገር ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚቆይ፣ ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ ዝቅ ላለች ትንሽ መኪና ፈተና ይሆንባታል። ስለዚህም አሮጌ ቮልስዋገን ያለው አባወራ ሁሉ፣ «እግሯን ከፍ ባደርገው ምን አለበት?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከፍታ ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ይህች መኪና ለአገራችን እንግዳ አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእርሷ እንደ ነበረ ሁሉም ያስታውሰዋል። የመጨረሻዪቱ በ1995 ዓ. ም. በሜክሲኮ ከተሠራች በኋላም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መታየቷ አልቀረም። በ2016 ዓ. ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ያለውን ጠግኖ መያዝ የብዙዎች አሳብ ሆኗል።

የእርሷ እግር እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ፣ እንደ ሌሎቹም ጥቅል ሞላ የለውም። በኋላዋ፣ ከወለሉ በታች፣ ለየጎማው አንዳንድ የብረት ዘንግ በአግድም ተዘርግቷል። የዘንጉ አንድ ጫፍ ከመካከል ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ ጎማውን ከሚይዘው ክንድ ጋር ይጋጠማል። ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ጉብታው ሲያልፍ ወደ ቦታው ይመለሳል። በውስጠኛው ጫፍ 40፣ በውጪኛው ጫፍ 44 ጥርሶች ተቀርጸውበታል። ውስጡን አንድ ጥርስ አዙረው ውጩን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቢመልሱት፣ የሚቀረው ልዩነት ከ1 ዲግሪ ያነሰ ሲሆን፣ ይህም በጎማው ዘንድ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ሠሪው ራሱ፣ ያለ መቍረጥና ያለ ብየዳ፣ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ የማድረጊያውን መንገድ ትቶልናል ማለት ነው።

ዋጋው ግን ይህ ነው። በቀደሙት ዓይነቶች የኋላው ጎማ ከነአክስሉ፣ በማጠፊያ እንደ ተያዘ በር፣ ከመካከል ላይ ይወዛወዛል። ስለዚህ ኋላዋ እጅግ ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከላይ ይሰፋሉ፣ ከታች ይጠባሉ። እንዲህ ሆና በፍጥነት ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ወደ ሥር ሊታጠፍና መኪናዪቱን ሊገለብጣት ይችላል። ድንጋይ እንዳይነካት ብለን ያደረግነው፣ በኋላ ወንበር ለተቀመጡት ልጆቻችን የባሰ አደጋ ይሆናል ማለት ነው።

ሥራውም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪናዪቱ በክሪክ ተነሥታ ጎማው ከወጣ በኋላ እንኳ ክንዱ በዘንጉ ኀይል እንደ ተወጠረ ነው። ከተደገፈበት ቦታ ሲላቀቅ በኀይል ወደ ታች ይወረወራልና፣ በሰንሰለት ሳይታሰርና ከሥሩ ክሪክ ሳይደረግለት አይነካ። መኪናዪቱም በጽኑ ድጋፍ ላይ ትቀመጥ እንጂ በክሪክ ብቻ አትታመን። የቀኝና የግራ ዘንጎች አይቀያየሩ፤ እያንዳንዱ የለመደው የመጠምዘዣ አቅጣጫ አለውና። ቀለማቸው አይፋቅ፤ ዝገት ከጀመረበት ስፍራ ስብራት ይከተላል። ከሁሉ ይልቅ በእሳት አይበየዱ፤ እሳት የብረቱን የመለመጥ ጠባይ ያጠፋዋል። ሲጨርሱም የሁለቱ ጎን ከፍታ ይለካ፤ ሾክ አብዞርበሩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ እንደ ሆነ ይታይ፤ ፍሬኑም ይፈተሽ። ይህን ሁሉ ለማድረግ መሣሪያ ወይም ልምድ የሌለው ሰው ወደ ባለሙያ ቢወስዳት ኀፍረት አይደለም።

የተወደዳችሁ አንባቢዎች፣ ከዚህች አሮጌ መኪና የምንማረው አለ። ሸክሙን የሚችለው ዘንግ የሚችለው እየተጠመዘዘ ስለሚመለስ ነው፤ ግትር ቢሆን በመጀመሪያው ጉድጓድ በተሰበረ ነበር። ቤትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አባወራው ቍልፉን ከማንሣቱ በፊት ከባለቤቱ ጋር ይምከር፤ «ምን ያህል ከፍ ትላለች?» ከማለትም አስቀድመው፣ «ነፍሰ ጡር ጭና በሌሊት ወደ አሶሳ ስትሄድ በመታጠፊያው ትጸናለችን?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ፣ በዚያው ይብቃቸው፤ የቀረውንም ቀስ ብሎ በመንዳት ይሙሉት።

እግዚአብሔር መንገዳችንን ያቅናልን፤ አሜን።