ሁለተኛው ባትሪ

እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን አገር በወጣው የታዳሽ ኃይል ሕግ መሠረት፣ በጣራው ላይ የሶላር ፓነል ያስተከለ ሰው የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመታት በተረጋገጠ ዋጋ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ውሎች እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አበቁ። ከቤቴ ጋር የገዛኋቸው 12 ፓነሎችም ከእነዚሁ መካከል ነበሩ። በአዲስ ላስለውጣቸው የጠራሁት ባለሙያ አውርዶ አንድ በአንድ ለካቸው። ሲተከሉ እያንዳንዳቸው 120 ዋት የነበሩት ዛሬም ከ100 በላይ ይሰጣሉ። ባለሙያው ግን ወደ መጣያው ሊወስዳቸው መኪናውን አስጠግቶ ነበር። «ተዋቸው» አልኩት።

ያን ሌሊት ያሰብኩት ወሎ ውስጥ ስላገለገልኩበት የገጠር ጤና ጣቢያ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳትን እናት በፋኖስ ብርሃን ሰፍቻለሁ። ፋኖሱን የያዙልኝ ሲስተር ክንዳቸው ሲዝል፣ የገዛ እጄ ጥላ ቁስሉን ይጋርድብኝ ነበር። ለዚያች ክፍል ከእነዚህ ፓነሎች አንዱ፣ ከነባትሪው፣ በበቃ ነበር።

በማግስቱ ለሲስተር ደወልኩላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የምሥራቹን ስነግራቸው ዝም አሉ።

«ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን» አሉኝ በመጨረሻ። «አንድ በጎ አድራጊ ከዚህ ቀደምም ሰጥቶን ነበር። ፓነሉ አሁንም ጣራው ላይ አለ። ባትሪው ግን በአራተኛው ዓመት ሞተ። መተኪያ ገንዘብ ጠፋ፤ ከጓሮ ተጣለ፤ ልጆች ሰባብረው ተጫወቱበት።»

«ልጆች» የሚለው ቃል አስደነገጠኝ። በእንዲህ ያለ ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው። እርሳስ በሕፃን አንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመልስ መድኃኒት በእጃችን የለም። ብርሃን ላክሁ ብዬ መርዝ ልልክ ነበር።

ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ እስከ 2050 ድረስ የሚጣሉት ፓነሎች 78 ሚሊዮን ቶን ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቷል። ይህ ሁሉ ክምር «እርዳታ» የሚል ስም ተለጥፎበት ወደ ድኻ አገር ለመጫን አይቸግርም። ብዙው ገና ይሠራልና ማስመለጡም ኃጢአት ነው። ነገር ግን ፓነል ብቻውን መብራት አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ ባትሪ፣ የሚጠግን የሰፈሩ ባለሙያ፣ የሞተውን ባትሪ ተረክቦ በአግባቡ የሚያስወግድ ሰው ያስፈልገዋል።

ፓነሎቹ ዛሬም ጋራዤ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከወዳጆቼ ጋር የምናዋጣው በመጀመሪያ ለመርከቡ ኪራይ አይደለም፤ ለሁለተኛው ባትሪና ለባለሙያው ደመወዝ ነው። ይህ ሲሟላ ይጫናሉ። ለሲስተር የገባሁት ቃል ይኸው ነው።