የባትሪ መሙያ ስለ መምረጥ

አውቶሞቢል ያለው ሰው ሁሉ በየቀኑ አይነዳም። ሰንበት ወይም በዓል ካልሆነ በቀር ከግቢው የማያወጣት ብዙ ነው። በእኛም ቤት ያለችው አውቶሞቢል ወላጅ እናታችን ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄዱባት የተቀመጠች ናት፤ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብትወጣ ነው። እንዲህ ያለችው መኪና በተፈለገችበት ሌሊት አልነሣም ብትል ምን ያህል ጭንቀት እንደሚሆን፥ በቤቱ ሕመምተኛ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የባትሪ መሙያ ለመግዛት አስበን ጠይቀንና መርምረን የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

በቀድሞ ጊዜ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. ካዲላክ በተባለው አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከገባ ወዲህ ግን ነገሩ ሁሉ በባትሪ ላይ ተመሠረተ። ባትሪም ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ኃይሉ በራሱ ይቀንሳል፤ መኪናዋ ቆማ ሳለችም ሰዓቱና የሌባ መጠበቂያው ደወል ጥቂት በጥቂት ይወስዱበታል። ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ዐርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ጐድሎ ብዙ ቀን የቈየ እንደ ሆነ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ጨው ይጠነክርበታል፤ ኋላ ቢሞሉትም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋትም ማስነሻው የወሰደውን ላይመልስ ይችላል።

አንድ ነጋዴ ባለ 20 አምፔር መሙያ አምጥቶ «ፈጥኖ ይሞላል» አለን። ሳምንት ሙሉ ለምትቆም መኪና ፍጥነት ምን ይረባታል? ለባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከ1 እስከ 4 አምፔር የሚሰጥ መሙያ ይበቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ መሙያው ማቆም ያውቃል ወይ የሚለው ነው። አንዳንዱ ባትሪው ቢሞላም ሳያቋርጥ ይልካል፤ ያን ጊዜ ባትሪው ይሞቃል፥ ውሃው ያልቃል፥ ሃይድሮጅንም ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ሲደርስ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ደኅናው መሙያ ግን፥ ጨዋ እንግዳ ሲጠግብ እጁን ከማዕድ እንደሚሰበስብ፥ ባትሪው ሲሞላ ዐውቆ ወደ 13.5 ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ይጠብቀዋል።

ከዚህም በቀር መሙያው ለአገራችን 220 ቮልት የተሠራ፥ ሽቦው ተገላብጦ ቢያያዝ የማይሠራ፥ ለባትሪያችሁም ዓይነት የሚስማማ መሆኑን መርምሩ፤ ለእርሳስ ባትሪ የተሠራው ለሊቲየም አይሆንምና።

ሲሞላ ነፋስ በሚገባበት ስፍራ ይሁን፤ ከከሰል ምድጃ፥ ከሲጋራና ከልጆች ይራቅ። አስቀድሞ ቀዩ መያዣ በመደመር ምልክቱ ላይ፥ ቀጥሎ ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ባለ የመኪናው ብረት ላይ ይያያዛል፤ የግድግዳው ሶኬት መጨረሻ ነው። ሲነቀል ሶኬቱ ይቀድማል። ይህን ሥራ በብዙ ቤት የሚሠራው ዘበኛው ስለ ሆነ፥ የቤቱ ጌታ ወይም እመቤቲቱ ሥርዓቱን ራሳቸው አሳይተው እርሱም በፊታቸው ደግሞ እንዲሠራው ቢያደርጉ መልካም ነው።