እምቢ ያለ ብሎን

ከመካከላችሁ የራሱን ወይም የቤተሰቡን መኪና ዘይት ለመቀየር እጅጌውን ሰብስቦ የሚያውቅ ካለ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ሥራው ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ይመስላል። ከዚያ አንድ ብሎን እምቢ ይላል። ቁልፉ ይንሸራተታል፣ የብሎኑ ራስ ማዕዘኖች ይበላሉ፣ ስድስት ጎን የነበረው ክብ ወደ መሆን ይሄዳል። በዚያች ሰዓት ሁላችንም የምናስበው ጉልበት መጨመር ነው። የሚጎድለን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

ብሎን ለምን እንደሚይዝ አስቀድመን እንመልከት። ብሎን ሲጠብቅ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ እንደ ተሳበ ላስቲክ ወደ ቦታው ሊመለስ ሲታገል ብረቶቹን ጨምቆ ያያይዛቸዋል። ቁልፉን ስናዞር ከምናወጣው ጉልበት ለዚህ ጭመቃ የሚደርሰው 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረውን በራሱ ሥርና በጥርሶቹ ላይ ያለው ፍትጊያ ይወስደዋል። በዚህ ላይ ዝገት ሲጨመር አስቡት። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መካከል እንደ ሽብልቅ ይወጠራል። የብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት ያወጣና ብሎኑን አንቆ ይይዘዋል። አንዳንዴ ግን ዝገትም እርጥበትም የለም፤ ቀድሞ ያጠበቀው ሰው ከልክ በላይ አጥብቆታል።

ባለፈው ክረምት ያጋጠመን እንዲህ ያለው ነው። አንድ የሰፈራችን ወጣት አሮጌ ቶዮታ አለው። በእሷ ተሳፋሪ እየጫነ እናቱንና ታናሽ እህቱን ያስተዳድራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘይት ሊቀይር ገባ፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ መውጣት አለበት። በበራቸው ሳልፍ ከመኪናው ሥር እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። መኪናዋ የቆመችው በአንድ ክሪክ ብቻ ነው፤ ግቢው ተዳፋት ነው፣ መሬቱም ዝናብ ጠጥቷል። የ14 ቁጥሩን ቁልፍ እጀታ ረጅም ቱቦ ውስጥ ከትቶ በሁለት እጁ ይስባል። በሳበ ቁጥር መኪናዋ ትወዛወዛለች።

“ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውጣ” አልሁት።

“ቲቸር፣ ትንሽ ነው የቀረኝ።”

“ትንሽ ከሆነ ይቆይልሃል። ውጣ።”

ወጣ። ሁለቱም መዳፎቹ ተልጠዋል። “መጨረሻ ዘይት የቀየሩልኝ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያጠበቁት” አለ፤ ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ “ምን አድርጌያቸው ነው?” ብሎ ጠየቀ። መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን የዘይት ቋቱ ጥርስ ተበልቶ ቢሆን፣ ወይም ክሪኩ ጭቃው ላይ ቢንሸራተት፣ ከብሎኑ የሚበልጥ ነገር በዚያች ቅዳሜ ይጠፋ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንደ ታላቅ ወንድም ልዘዛችሁ። ክሪክ መኪና ያነሳል፤ ሰው ከሥር ተኝቶ ሳለ መኪናውን እንዲይዝ ግን አትመኑት። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይደገፉ፣ ሸክሙም በብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ። መቆሚያ ከሌላችሁ ሥር አትግቡ። እኛም ጎረቤት ካለ መካኒክ ሁለት መቆሚያ ተውሰን፣ መኪናዋን ወደ ሲሚንቶው አወጣናት።

ከማንሳታችን በፊት ዘይቱ ቀጥኖ እንዲፈስ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠራነው። ከዚያ ብሎኑን በጨርቅ ጠርገን በስልክ መብራት አየነው። ይዞት የነበረው ቁልፍ ውስጡ 12 ማዕዘን ያለው ነው። እንዲህ ያለው ቁልፍ የብሎኑን ጠርዞች ብቻ ስለሚነካ ቶሎ ይበላቸዋል። ባለ ስድስት ጎኑ ግን ጎኑን ራሱን ይይዛል። የ14 ብሎን ማዕዘኖቹ ሲያልቁ፣ የ13 ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ በመዶሻ ተመትቶ ይገባበታል፤ ምቱ ራሱም ጭመቃውን ያናጋል። እንዲሁ አደረግን። አቅጣጫውን ደግሞ አጣራን። የብሎኑን ራስ ፊት ለፊት ስታዩት ወደ ግራ ይፈታል፤ ከላይ ሆናችሁ እጃችሁን ወደ ታች ስትሰዱ ግን ነገሩ የተገለበጠ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያውቅ ያጠብቃል። ያለ ቱቦ፣ በአንድ ጠንካራ ግፊት፣ ጭር ብሎ ተላቀቀ።

የእናንተ ብሎን የዛገ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። በብረት ብሩሽ አጽዱት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አርከፍክፉበት፣ ራሱን በመዶሻ መታ መታ አድርጉት፣ ከቻላችሁም ይደር። በየሱቁ የምታዩት ደብልዩ ዲ 40 በፈረንጆች 1953 ሳንዲያጎ ውስጥ ውኃን ከብረት እንዲያባርርና ዝገትን እንዲከላከል የተቀመረ ነው፤ ስሙ ላይ ያለው 40 ቀመሩ የተሳካው በ40ኛው ሙከራ መሆኑን ይናገራል። በዚያ ጣሳ አንድ ደቂቃ ብቻ ጠብቆ ተስፋ መቁረጥ ትንሽ ያሳፍራል። ላላ ሲል እየፈታችሁ አትገስግሱ፤ ግማሽ ዙር ፈታ፣ ሩብ ዙር መልስ፣ ዘይት ጨምር። ሙቀትም ይረዳል፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚሰፋ የያዘውን ብሎን ይለቃል። ነዳጅ፣ የፍሬን ዘይት ወይም ጎማ ነክ ነገር ባለበት አካባቢ ግን እሳት አታስቡ።

ራሱ ተቆርጦ ቢወድቅስ? ጥሩ በያጅ በቀረው ብረት ላይ ዳዶ በይዶ አዲስ ራስ ይሠራለታል፤ የብየዳው ሙቀትም ዝገቱን ይሰብረዋል። ሰርስሮ ማውጣትም አለ፤ ነገር ግን የማውጫው ብረት በጣም ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ተራ መሰርሰሪያ አይበሳውም። እዚያ ስትደርሱ ለባለሙያ ስጡት። ማቆምም ሙያ ነው።

ያ ወጣት አዲስ ብሎንና አዲስ ሮንዴላ ገዝቶ ሲያስገባ ቱቦውን እንደገና አነሳ።

“ይሄ ለምንድን ነው?” አልሁት።

“እንዳይፈታብኝ።”

“በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈታው ማነው?”

ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቀ። “እኔው ነኛ!” አለና ቱቦውን ግድግዳ ላይ አስደገፈው። በአጭሩ ቁልፍ፣ በአንድ እጁ አጠበቀው።

እያንዳንዱ የምናጠብቀው ብሎን አንድ ቀን በአንድ ሰው እጅ ይፈታል። ምናልባት ሰውዬውን አናውቀውም፤ ምናልባት ዝናብ ላይ፣ ምሽት ላይ፣ ልጅ ታሞበት የሚጣደፍ አባት ይሆናል። ስለዚህ በመጽሐፉ የተጻፈውን ልክ ጠብቁ። የተበላ ብሎን መልሳችሁ አትግጠሙ። በተለይ የፍሬን ብሎን ራስ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ካያችሁ የጥንካሬው መለኪያ ነውና፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ደካማ አትተኩበት። የሚዝግበት ቦታ ከሆነና መጽሐፉ ካልከለከለ ጥርሱን ትንሽ ግራሶ አስነኩት። ደግሞ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በጣታችሁ አስገቡ። በጣት የሚገባ ብሎን ጥርሱን አግኝቷል፤ በጣት እምቢ ካለ አውጡትና እንደገና ጀምሩ።